ዱለት ስንበላ ምን በላን?

በታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኢሳን በሚባለው አካባቢ፣ ላርብ የሚሉት የሥጋ ምግብ አለ። ጎረቤቶቻቸው የላኦስ ሰዎችም የኛ ነው ይላሉ። ሥጋው ደቅቆ ይከተፋል፤ ብዙ ጊዜ ጉበትና ጨጓራም አብሮ ይገባል። ሎሚ ይጨመቅበታል፤ የደቀቀ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ናና ቅጠልና ከዓሣ የተሠራ ጨዋማ ፈሳሽ ይጨመርበታል። በመጨረሻም በደረቅ መጥበሻ ተቆልቶ የተፈጨ ሩዝ ይነሰነስበታል። አብስሎ የሚበላው አለ፤ ጥሬውን የሚበላውም አለ። በፎገራዋ ከተማ በወረታ ይህን ለአንድ ሰው ብትነግሩት "ይሄማ ዱለት ነው" ማለቱ አይቀርም፤ ብዙም አልተሳሳተም። ኢሳን ሩዝ የሚዘራበት፣ ከብት የሚረባበት፣ ዝናብ ሲበረታ ውኃ የሚተኛበት አገር ነው። በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር፣ ከጣና ጫፍ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳም እንደዚያው ነው።

ዱለት በግብዣ ላይ ይሞገሳል እንጂ ምን እንደያዘ ብዙም አይወራም። "ጉልበት ይሰጣል" ይባላል፤ "ደም ይሆናል" ይባላል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። የትኛው ክፍሉ ጉልበት፣ የትኛው ደም እንደሚሆን ግን ለይቶ ማየት ይቻላል፤ ሲለዩትም የዱለቱ ትልቅ ሀብት ጉበቱ ሆኖ ይገኛል። በፎገራ ረግረግ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው የከብቱና የበጉ አካል ይኸው ጉበት ነው። ነገሩን ከሁለቱም ወገን ማየት ይሻላል።

ዱለት በአብዛኛው የበግ ነው። በጉ ታርዶ ሆድ ዕቃው እንደወጣ ጨጓራው ደጋግሞ ይታጠባል፤ ጉበቱና ትንሽ ቀይ ሥጋ ተጨምሮበት ሁሉም ደቀቅ ተደርጎ ይከተፋል። ከዚያ የተነጠረ ቅቤ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማና ጨው። በሬ ለቅርጫ ሲጣልም የበሬው ጉበትና ጨጓራ ተመሳሳይ ዕድል ይገጥመዋል። ሽንኩርቱን ፎገራ ራሱ በመስኖ ያመርታል፤ በጉ ብዙ ጊዜ ከፋርጣ ደጋ የወረደ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው 150 ግራም ያህል ዱለት በላ እንበል፤ 60 ግራሙ ጨጓራ፣ 50 ግራሙ ቀይ ሥጋ፣ 40 ግራሙ ጉበት። በምግብ ይዘት ሠንጠረዦች ሲሰላ ከዚህ ሳህን 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኛል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የቀኑ ፍላጎት ግማሽ ማለት ነው። ጨጓራው መጠኑን ያበዛል፣ ለጥርስ ደስ ይላል፤ በምግብነቱ ግን ከሦስቱ ደካማው እሱ ነው። 100 ግራም ጨጓራ 12 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲሰጥ ያው መጠን ያለው ቀይ ሥጋ ወይም ጉበት 20 ግራም ያህል ይሰጣል። ብረትም በጨጓራ ውስጥ ከአንድ ሚሊ ግራም በታች ነው፤ በበግ ጉበት ውስጥ ግን 7 ሚሊ ግራም ያልፋል።

ጉበቱ ጋ ሲደረስ ቁጥሮቹ ከልክ ያልፋሉ። 100 ግራም የበግ ጉበት ከ7,000 ማይክሮ ግራም በላይ ቫይታሚን ኤ ይዟል፤ ለአንድ ወንድ በቀን 900፣ ለአንዲት ሴት 700 ይበቃል። ስለዚህ በሳህኑ ላይ ያለው 40 ግራም ጉበት ብቻውን የወንዱን የሦስት ቀን፣ የሴቷን የአራት ቀን ቫይታሚን ኤ ይሸፍናል። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ይብሳል፤ ለቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም ሲሆን በዚህች ቁራጭ ጉበት ውስጥ ከ30 በላይ አለ። እርግጥ አንጀት በአንድ ማዕድ የሚቀበለው ቢ12 ጥቂት ነው፤ የተረፈው ይባክናል። ነፍሰ ጡር ሴት በጣም የምትፈልገው ፎሌት የተባለው ቫይታሚንም በጉበት ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ከጉበት ጋር ያላት ነገር ግን ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ኋላ እንመለስበታለን።

"ጉልበት" የሚባለው ካሎሪ ከሆነ ምስጋናው ለቅቤው ነው። 150 ግራሙ ሥጋና ሆድ ዕቃ ቢደመር 180 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ሲፈስበት 230 ያህል ይጨመርበታል። ዱለቱ ሲቀርብ ከግማሽ በላይ ጉልበቱ ከቅቤ የመጣ ነው ማለት ነው። ላርብ በዚህ ይለያል፤ ቅባት አይጨመርበትም፣ የሥጋው ስብ ብቻ ነው ያለው። ታይላንዳዊውን የሚጎዳው ሌላ ነው፤ የዓሣው ፈሳሽ አንድ ማንኪያ ብቻ 1,400 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይዟል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 አይለፍ ይላል። እነሱ ጨው ያበዛሉ፣ እኛ ቅቤ። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ወይም ሩዝ ሲያጭድ ለዋለ ገበሬ ቅቤው ምንም አይደለም። ወረታ ከተማ ቢሮ ወይም ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ውሎ ማታ ዱለት በድራፍት ለሚያወራርድ ሰው ግን ሂሳቡ ሌላ ነው።

"ደም ይሆናል" የሚለው ከብረት ጋር የተያያዘ ነው። በሥጋ ውስጥ ካለው ዋነኛ የብረት ዓይነት ሰውነት ከ15 እስከ 35 በመቶ ሊቀበል ይችላል፤ ከእህልና ከቅጠል የሚመጣውን ግን ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች። ሥጋ ደግሞ ሌላ ውለታ አለው፤ አብሮት በሚበላው እንጀራ ውስጥ ያለው ብረት በተሻለ እንዲገባ ያግዛል። ዱለት ላይ የሚከተፈው ጥሬ ቃሪያም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ አንድ ደህና ቃሪያ እስከ 100 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ቫይታሚን ሲ ሊኖረው ይችላል፤ ይህም የእህሉን ብረት ያስገባል። ኢሳኖች ይህን በሎሚ ያደርጉታል። በተቃራኒው ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ሻይና ቡና የእህሉን ብረት ያግዳል። ቡናው ይቅር ማለት ከባድ ነው፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ግን አይጎዳም።

ይህ የብረት ነገር በፎገራ ከሌላው ቦታ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በዚህ ሜዳ ሩዝ ካስለመዱ ወዲህ ሩዙ እየሰፋ መጥቶ ዛሬ ወረታ ላይ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እስከመቋቋም ደርሷል። ሩዙ የገበሬውን ኪስ ሞልቷል፣ የድሮውን የረሃብ ስጋት አስታግሷል፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎም እንጀራ ይጋገርበታል። ነገር ግን ተፈትጎ የነጣ ሩዝ 100 ግራሙ አንድ ሚሊ ግራም ብረት እንኳ አይሞላም፤ ጤፍ ከ7 በላይ አለው (ከፊሉ በሬ ሲያበራየው ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ ቢሆንም)። ፕሮቲኑም በጤፍ 13 ግራም ያህል ሲሆን በሩዝ 7 ነው። እንጀራው ውስጥ ሩዙ እየበዛ በሄደ ቁጥር ከወጡ የሚጠበቀው ይበዛል። የሩዙ ማሳ የወሰደው ደግሞ የግጦሹን መሬት ነው። በውኃ ውስጥ ቆሞ መጋጥ የለመደው፣ በወተቱ የታወቀው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ የፎገራ ከብት ቁጥሩ ከመመናመኑ የተነሣ በባሕር ዳር አጠገብ ባለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያው ተጠብቆ እንዲቆይ ይደከማል። ሥጋ የበለጠ በሚያስፈልግበት ጊዜ የሥጋው ምንጭ ጠበበ።

ሌላም ያገራችን ነገር አለ፤ ሥጋ የምንበላው በወረት ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ የገና ጾም አለ፤ ፍልሰታ አለ። በዓሉ ሲመጣ ደግሞ ለሦስት ለአራት ቀን ሥጋ በላይ በላዩ ይሆናል። ለምግቡ ይህ ምን ማለት ነው? ጉበት የሰውነት ጎተራ ነው፤ ቫይታሚን ኤን ለወራት፣ ቢ12ን ለዓመታት ያስቀምጣል። ብረትም እንዲሁ ይጠራቀማል። ስለዚህ በፋሲካ የተበላ ዱለት ለእነዚህ ሦስቱ ስንቅ መሆኑ እውነት ነው። ፕሮቲንና ዚንክ ግን አይጠራቀሙም፤ ያ ሁሉ ሥጋ በፋሲካ ቢበላ ለሐምሌ የሚተርፍ የለውም። በመካከል ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሽምብራው ነው፤ ሽምብራ ደግሞ ሩዝ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት በፎገራ በደንብ ይበቅላል። በጾም ወራት ሽሮን ችላ ብሎ "በበዓል እክሰዋለሁ" የሚል ሰው ፕሮቲኑን አይክሰውም።

ዱለቱን ማን ይበላዋል የሚለው ጥያቄም የምግብ ጥያቄ ነው። ዱለት የዕርዱ ማለዳ ምግብ ነው። በጉን የጣሉት፣ የገፈፉት፣ በልጅነታቸው "ያዝ ያዝ" ሲባሉ ያደጉት ወንዶች ከብበው ይበሉታል። ሴቶቹ ወጡ ላይ ናቸው፤ ልጆቹ አጥንት ይጠብቃሉ። በሰውነት ፍላጎት ሂሳብ ነገሩ የተገለበጠ ነው። ወንዱ በቀን 8 ሚሊ ግራም ብረት ሲበቃው በየወሩ ደም የሚፈሳት ሴት 18 ትፈልጋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆናቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 24 በመቶው፣ ከወንዶቹ ግን 15 በመቶው የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። የደም ማነስ ሁሉ ከብረት እጥረት አይመጣም፤ ወባም አለ፣ የአንጀት ትልም አለ። ቢሆንም በቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ብረት የበዛበት ቁራጭ ከሁሉ ትንሽ ለሚያስፈልገው ሰው መሄዱ፣ ልማድ ነው ተብሎ ዝም የሚባል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ረግረጉ። የጉበት ትል ለፎገራ ገበሬ አዲስ አይደለም። ትሉ በታመመው ከብት ወይም በግ ጉበት ውስጥ ሆኖ ዕንቁላል ይጥላል፤ ዕንቁላሉ ከፋንድያ ጋር ይወጣል። ውኃ ካገኘ ይፈለፈላል፤ በረግረግና በጭቃ ዳር በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይራባል። ከዚያ ወጥቶ በሣርና በውኃ ዳር ተክል ላይ ይለጠፋል። ውኃው ሲጎድል፣ ሜዳው ሲለመልምና ከብቱ ሲሰማራ ሣሩን ከነትሉ ይግጠዋል። ወደ ጉበት የገባው ትል ሥጋውን እየበሳ ያልፍና የሐሞት ቱቦው ውስጥ ይሰፍራል። ከብቱ ይከሳል፣ ወተቱ ይቀንሳል፤ በጉ ከባሰበት በድንገት ይሞታል። ክረምት የውኃ መተኛ፣ በጋ ለምለም ግጦሽ የሆነው የፎገራ ሜዳ ለዚህ ዑደት ከተመቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ውኃ የያዘ የሩዝ ማሳም ለቀንድ አውጣው ጠላቱ አይደለም።

ትል የያዘው ጉበት በዓይን ይታወቃል። ጤነኛ ጉበት ለስላሳ፣ ወጥ ቀለም ያለው፣ ጠርዙ ስል ነው። የታመመው ጠርዙ ይደነድናል፤ ላዩ ይሸካክራል፤ ነጫጭ የጠነከሩ ቱቦዎች ይታዩበታል። ቢላዋ ሲገባበት ይንኳኳል፤ ቱቦው ሲጨመቅ ቅጠል የመሰሉ ጠፍጣፋ ትሎች ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ጉበት ቄራ ውስጥ ቢገኝ የእንስሳት ሐኪሙ ያስወግደዋል። በግቢ የሚታረደውን ግን የሚያየው አራጁ ብቻ ነው፤ "ይቺን ቆርጠን ብንጥላት ሌላው ደህና ነው" ተብሎ ይከተፋል። ዱለት ሲደቅ ደግሞ ምንም አይለይም። ሰው በተለመደው መንገድ በዚህ ትል የሚያዘው ጉበቱን በመብላት አይደለም፤ እንደ ከብቱ ሁሉ ትሉ የተለጠፈበትን ጥሬ የውኃ ዳር ቅጠል በመብላት ወይም ያልተጣራ ውኃ በመጠጣት ነው። ሆኖም የደነደነ ጉበት ያ ሁሉ የተቆጠረለት ሀብት ከውስጡ የተመናመነ ነው፤ ለዱለት መከተፉ ትርፍ የለውም።

የሚጣለውንም ለውሻ መወርወር አይገባም። ምክንያቱ ከጉበት ትል ሌላ ነው፤ በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ ያዘለ ከረጢት የሚሠራ ሌላ ትል አለ። ውሻው ያን ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ ዕንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድርና ፀጉር ወደ ልጆች እጅ ይገባል፤ በሰው ጉበት ውስጥም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። በደንብ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው።

ጥሬ ይሻላል ወይስ የበሰለ? በምግብ ይዘት ብቻ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ማብሰል ከቢ ቫይታሚኖች የተወሰነውን ያጠፋል፤ ፕሮቲኑን፣ ብረቱንና ዚንኩን አያጠፋም። በጥሬነት የሚገኝ የተለየ ጉልበት የለም፤ የሚገኘው ጣዕም ነው፣ ጣዕሙንም አልክድም። አደጋው ግን ከሥጋ ሥጋ ይለያያል። የኮሶ ትል የሚመጣው ከከብት ነው፤ ከበግ ዱለት አይመጣም። ከበሬ ቁርጥ የሚመጣውን ለመግደል ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ማቀዝቀዝ ወይም በደንብ ማብሰል ይበቃል። አያቶቻችን የኮሶ ዛፍ አበባ እየጠጡ ያስወጡት ነበር፤ ዛሬ ጤና ጣቢያ ፕራዚኳንቴል አለ፤ መጠኑ የማይታወቅ ኮሶ ግን ራሱ ይጎዳል። የበጉ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ተህዋስ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው። ጨጓራው ደግሞ ምንም ቢታጠብ ከአንጀት ጎረቤት ነው፤ ሲከተፍ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰራጫል። ቁርጥ የበላ ሰውና ጥሬ ዱለት የበላ ሰው አደጋቸው እኩል የማይሆነውም በዚህ ነው።

"ሚጥሚጣው ያቃጥለዋል፣ አረቄው ይገድለዋል" የሚለው እምነት ኢሳንም አለ፤ እዚያ ሎሚ፣ በርበሬና የሩዝ አልኮል ነው። የሎሚ አሲድ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ትሉን አይገድለውም። ኢሳኖች ዋጋውን ከባድ ከፍለውበታል፤ ከላርብ ጎን ጥሬ የወንዝ ዓሣ በሎሚ አሽተው ይበላሉ፤ በዓሣው ውስጥ ያለ ሌላ የጉበት ትል በሐሞት ቱቦ ውስጥ ዓመታትን እየኖረ ካንሰር ያመጣል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ትል በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ኢሳንም በዚህ የካንሰር ዓይነት ከዓለም ቀዳሚ ነው። በሰሜን ታይላንድ ደግሞ ከጥሬ የአሳማ ላርብ በሚመጣ ባክቴሪያ ሰዎች የማጅራት ገትር ይይዛቸዋል፤ የዳኑትም ብዙ ጊዜ ጆሯቸው ይደነቁራል።

የተከተፈ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በስሏል ይባላል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ለዚህ ግን ይበቃል። "ለብ ለብ" የሚባለው ዱለት ከዚህ ሙቀት በጣም በታች ነው። ሥጋው ቀለሙን እስኪለውጥና ደሙ እስኪጠፋ ድስቱን ትንሽ ማቆየት ቃሪያውንና ኮረሪማውን አያበላሽም፤ ቃሪያውን መጨረሻ ላይ ጥሬውን ከጨመሩት ቫይታሚን ሲውም ይተርፋል።

የበጉን ጉበት ለማዳን ሥራው ከሜዳው ይጀምራል። መድኃኒቱን ከእንስሳት ጤና ክሊኒክ አግኝቶ በወቅቱ መስጠት ያስፈልጋል፤ ትሪክላቤንዳዞል ትንሹንም ትልቁንም ትል ይገድላል፤ አልቤንዳዞል ያደገውን ብቻ ነው። መድኃኒት የተሰጠውን እንስሳ ሐኪሙ የነገረው የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልፍ ማረድ አይገባም፤ ለበዓል ተብሎ ደልቦ፣ በመጨረሻው ሳምንት መድኃኒት ጠጥቶ የሚታረድ በግ አለና። የሩዝ ገለባ ለሚመግብ ገበሬ ደግሞ ትሉ የሚለጠፈው ውኃ ውስጥ ቆሞ በነበረው በታችኛው የአገዳ ክፍል ነው፤ ከፍ አድርጎ ማጨድ ወይም ገለባውን በፀሐይ በደንብ አድርቆ መከመር ብዙውን ይቀንሳል።

ከጤነኛ በግ የወጣ ጉበት ከተገኘ ለማን ስንት የሚለው ይቀራል። ለአዋቂ ሰው በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ጥቂት ቁራጭ ከበቂ በላይ ነው። ከስድስት ወር በላይ ለሆነው ሕፃን በደንብ የበሰለና የደቀቀ፣ ሚጥሚጣ ያልነካው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጉበት በገንፎው ውስጥ ቢገባ ብዙ ነገር ይሞላል። ነፍሰ ጡሯ ግን ጥሬውን ጨርሶ፣ የበሰለውንም በብዛትና በተደጋጋሚ መብላት የለባትም፤ ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ለአዋቂ በቀን 3,000 ማይክሮ ግራም ከፍተኛው ወሰን ሲሆን ቀደም ብለን ያሰላነው አንድ ሳህን ዱለት እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ለእሷ ከዱለቱ በደንብ የበሰለው ቀይ ሥጋ ይድረሳት፤ ብረትና ፎሌቱን ደግሞ ጤና ጣቢያው በኪኒን ይሰጣታል።